በቅርብ ቀን

ከአስጎብኚ ጋር ሐረር ጀጎል የገባ እንግዳ ሦስት ነገር ሳያይ አይወጣም፦ «መኪና ግርግር» በተባለው መንገድ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች፣ ሲመሽ ጅብ የሚያበሉትን ሰዎች፣ እና «ራምቦ ቤት»ን። ሁለቱ እንደተባሉት ናቸው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ይሰፋሉ፣ ጅቦቹም ይበላሉ። ሦስተኛው ላይ ግን ትንሽ ነገር አለችበት። ያ ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት የሕንድ ነጋዴ ቤት ነበር፤ የተሠራውም አርተር ራምቦ ከሞተ በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ያንን ደረጃ አልወጣም፣ በዚያ መስኮት ወደ ውጭ አላየም፣ አንድም ሌሊት እዚያ አላደረም።

በዚያ ላይ ሐረር ሳለ ግጥም መጻፉን ትቶ ነበር። እንግዲህ ያልኖረበት ቤት፣ እዚህ ላልጻፈው ግጥም መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል። ሐረር ግን ብዙም አልተጨነቀችበትም፤ ሰው ስም ካወጣ ቤት አይታጣለትም።

ራምቦን ማንሳት ያስፈለገው ለቱሪዝም አይደለም። በሐረር ጠባብ መንገዶች ከተመላለሱት ጸሐፊዎች ሁሉ የዛሬውን ኢትዮጵያዊ ደራሲ ቁርጥ የሚመስለው እሱ ስለሆነ ነው፤ መጽሐፉን በገዛ ኪሱ ያሳተመ፣ የማተሚያ ቤት ሂሳብ ሳይዘጋ የቀረ፣ ከዚያም «አንድ ትልቅ ሥራ እጄ ላይ አለ» እያለ ዓመታት የገፋ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1873 ነው (ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። 19 ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ልጅ በእናቱ እርሻ ቤት ተዘግቶ «አንድ ወቅት በገሃነም» የተባለችውን መጽሐፍ ጨረሰ። ቀጭን ናት፤ 50 ገጽ ያህል። የአሳታሚ ደጅ አልጠናም። ብራስልስ ውስጥ ካለ ማተሚያ ቤት ጋር ተዋዋለ፣ ቀብድ ከፈለ (ገንዘቡ የእናቱ ነው ይባላል፤ ከእናት ሌላ ለዚህ ዓይነት ሥራ ማን ይሰጣል?)፣ 500 ቅጂም ታተመለት። ዋጋዋ 1 ፍራንክ ተባለ። ከዚያ ቀሪውን ክፍያ የሚያመጣ ሰው ጠፋ። ደራሲው በነጻ የተሰጡትን ጥቂት ቅጂዎች ይዞ ወጣና ለወዳጆቹ አደላቸው። አንዷ ለባለቅኔው ቬርሌን ደረሰች። ቬርሌን ያኔ እስር ቤት ነበር፤ የታሰረውም በዚያው ክረምት ራምቦን በሽጉጥ ስላቆሰለው ነው። ተኩሶ ለመታህ ሰው እንኳ መጽሐፍ በነጻ መስጠት ከደራሲ በቀር ማንም የማያደርገው ነገር ነው።

የተረፈው ሁሉ መጋዘን ውስጥ ቀረ። ዘመዶቹ በኋላ «መጽሐፉን ሰብስቦ አቃጠለው» ብለው አወሩ፤ ዓለምም ወሬውን ወደደው። በሥራው ተጸጽቶ እሳት የለኮሰ ሊቅ፣ ሂሳብ ካልከፈለ ደንበኛ ይልቅ ለጨዋታ ይመቻል። እውነቱ የወጣው በ1901 ነው። ሌዎን ሎሶ የሚባል ቤልጂየማዊ መጽሐፍ ሰብሳቢ ሌላ ነገር ሲያስስ፣ ከ400 የሚበልጡ ቅጂዎች እንደታሸጉ መጋዘኑ ውስጥ አገኘ። እርጥበት የነካቸው ተለይተው ተወገዱ፤ የቀሩት ደህና ነበሩ። ደራሲው ከሞተ 10 ዓመት አልፎታል።

ይህን ታሪክ ሰምቶ የማይስቅ የአገራችን ደራሲ ካለ፣ አልጋው ሥር ካርቶን ያለበት ነው። የአማርኛ ልብወለድ የመጀመሪያ ገጾችን ገልጦ የሚያነብ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከመጽሐፎቻችን ብዙዎቹ አሳታሚያቸው ደራሲው ራሱ ነው። ገንዘቡን ከቁጠባ፣ ከዕቁብ፣ ውጭ አገር ካለች እህት ወይም የደመወዝ ብድር ከሚሰጥ ማኅበር ያሰባስባል። መጽሐፉ ውስጥ «ያለ እርሷ ይህ ሥራ ለፍሬ ባልበቃ» ተብላ የምትመሰገነው ሚስት አብዛኛውን ጊዜ የተመሰገነችው ስለ ሞራል ድጋፏ ብቻ አይደለም።

ሐረር ላይ ሆኖ የሚጽፍ ሰው መንገዱ ደግሞ ይረዝማል። ረቂቁ በእጅ የተጻፈ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። እዚያ ያለችው ልጅ ማመልከቻም፣ የቤት ኪራይ ውልም፣ የመመረቂያ ጽሑፍም በአንድ ቀን የምትተይብ ስለሆነች፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ የዋናው ገጸ ባሕርይ ስም ተለውጦ ቢገኝ አይገርምም። ደራሲው ያርማል፤ እርማቱ ሲገባ ሌላ ስሕተት ይፈጠራል፤ ያንንም ያርማል። ከዚያ ፍላሹን ኪሱ ከትቶ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ አዲስ አበባ ይገባል። ማተሚያ ቤቱ የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ከታች በደቃቅ ፊደል «ዋጋው ጸንቶ የሚቆየው ለዚህን ያህል ቀን ነው» የሚል አለበት። ወረቀት ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነገር ነው። ደራሲው ገንዘብ ሊያሟላ ሐረር ደርሶ እስኪመለስ ዋጋው ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል። 300 ገጽ የነበረው ልብወለድ 220 የሚሆነው እንደዚህ ነው። ሐያሲ ቢያየው «ቁጥብ አጻጻፍ» ይለዋል።

ታትሞ ሲወጣ ደግሞ ምረቃ አለ። አዳራሽ፣ ማሲንቆ፣ የክብር እንግዳ፣ ለስላሳ። የመጡት ሁሉ ወዳጆች ናቸው፤ ወዳጅ ደግሞ መጽሐፍ አይገዛም፣ ፊርማ ያለበት ይሰጠዋል። መጽሐፍ መደብሩና አዟሪው ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ጠቀም ያለ ድርሻቸውን ያነሳሉ፤ ለዚያውም ሲሸጥ የሚከፈል ነው። ደራሲው በወሩ ብቅ ሲል «ጋሼ፣ ገና ነው፤ ገበያው ተቀዛቅዟል» ይባላል። በስድስተኛው ወር መጽሐፉ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ያኔ በአንድ ሌሊት የሚያገኘውን አንባቢ ብዛት አይቶ ደራሲው ይኩራ ወይስ ይክሰስ ግራ ይገባዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥሩ 410፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ቴሌግራሙም አለ።

ሆኖም የዚህ ሁሉ መከራ መጽናኛ የምትሆን አንዲት ገጽ አለች፤ ከመጽሐፉ መጨረሻ የምትገኘው። «በዚሁ ደራሲ፣ ለሕትመት የተዘጋጁ» ትላለች። ከሥሯ ይዘረዘራሉ፦ አንድ ረጅም ልብወለድ፣ አንድ የአጫጭር ልብወለዶች መድብል፣ አንድ የግጥም፣ አንድ ታሪካዊ ተውኔት። ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ብዙ ጥናት ተሠርቷል፤ በዚህች ገጽ ላይ ብቻ ስለሚኖረው ሥነ ጽሑፍ ግን የሚያጠና ቢገኝ ሰፊ ሥራ ይጠብቀዋል።

ራምቦም ገጽዋን ሐረር ይዟት መጣ።

እንደ ደራሲ አይደለም የመጣው፤ እንደ ተቀጣሪ ነው። በ1880 ዔደን ላይ የባርዴ ንግድ ቤት ቀጠረውና፣ ከዘይላ በረሃውን በፈረስ አቋርጦ በታኅሣሥ ሐረር ገባ። ሥራው ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ መግዛት ነበር። ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት ግን ለእናቱ ጽፎ መጻሕፍት አዘዘ። ዝርዝሩን ያየ ሰው አንድ ሰው ያዘዘው አይመስለውም። የብረታ ብረት፣ የውሃ ሥራ፣ የመርከብ አሠራር፣ የግንበኝነት፣ የአናጢነት፣ የቆዳ ፋቂነት፣ የቁልፍ ሠሪነት፣ የጡብ፣ የብርጭቆ፣ የሸክላ፣ የሻማ፣ የጉድጓድ ቁፋሮ። ግጥም የለበትም። ሐረር ያኔም በየእጅ ሙያው የተካኑ ሰዎች የሞሉባት ከተማ ነበረች፤ ወጥቶ ቢጠይቃቸው የፖስታው ዋጋ ይተርፈው ነበር።

ከዚያ በጥር 1882 ለልጅነት ጓደኛው ለደላዬ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ፤ እዚህ ላይ ነው የሚታወቀው ዓይነት ደራሲ ብቅ የሚለው። ስለ ሐረርና በዙሪያዋ ስላሉት ኦሮሞዎች መጽሐፍ ሊጽፍ ነው። ካርታም ሥዕልም ይኖረዋል፤ ለፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር ይቀርባል። ለዚህም ቴዎዶላይት፣ ሴክስታንት፣ ኮምፓስ፣ ባሮሜትር፣ የ300 ማዕድናት ናሙና ያስፈልገዋል። ፎቶግራፍ ማንሻም አዟል። ከመጽሐፉ በቀር ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ዛሬ ልብወለድ ለመጀመር መጀመሪያ ላፕቶፕ፣ ከዚያ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ከዚያ የዓመት ፈቃድ የሚጠብቅ ሰው ይህን ሲሰማ ዘመድ ያገኘ ያህል ይሰማዋል።

ካሜራው ትልቅ ወጪ ነበር፤ ደርሶ እጁ እስኪገባ 1,850 ፍራንክ ያህል ፈጀበት። እናቱ በበኩሏ፣ ልጇ የላከላትን የቁጠባ ገንዘብ ይዛ መሬት ገዛችበት። እሱ መሬት ምን ያደርግልኛል ብሎ ተቆጣ። ከሁለቱ ማን ትክክል ነበር ብሎ መፍረድ ይከብዳል፤ እሱ የገዛው ካሜራ ግን ቆይቶ የሚመጣውን አመጣ።

በግንቦት 1883 ሐረር ላይ ራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ላከ። ሦስት ናቸው፦ አንዱ በቤት ሰገነት ላይ ቆሞ፣ አንዱ ቡና ተክል ውስጥ፣ አንዱ እጆቹን አጣምሮ ሙዝ ተክል ውስጥ። ነጭ ሸሚዝና ሱሪ የለበሰ ቀጭን ሰው ይታያል፤ ፊቱ ግን ፈዟል። ምክንያቱን ራሱ ጽፎላቸዋል፤ ፎቶውን ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ምስሉ ነጣ። ሐረር በውሃ ጉዳይ መታማቷ አዲስ አይደለም፤ ከተሜዋ ጀሪካን ይዞ ወረፋ የጠበቀባቸው ዓመታት ገና አልተረሱም። የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ታላቅ ሰው ፊት ደብዝዞ መቅረቱ ግን የከተማዋ ውሃ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ በታሪክ መዝገብ የገባው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በ1885 ካሜራውን ሸጠው። እያዘነ፣ ነገር ግን ሳይከስር እንደሸጠው ለቤተሰቡ ነገራቸው።

መጽሐፉስ? መጽሐፉ «እየተጻፈ» ነበር።

ይህን ጉዳይ ከሪቻርድ በርተን ጋር ሲያስተያዩት ነው የሚያስቀው። እንግሊዛዊው በርተን ሐረር የገባው በጥር 1855 መጀመሪያ ነው፤ የቆየው 10 ቀን ያህል፣ ለዚያውም አሚሩ መቼ እንደሚለቁት ሳያውቅ። በዓመቱ፣ በ1856፣ ለንደን ላይ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ራምቦ ሦስቴ ተመላልሶ፣ ሲደመር አምስት ዓመት ገደማ ከተማዋ ውስጥ ኖረ፤ ቋንቋውን ያውቃል፣ ገበያውን ያውቃል፣ የነጋዴውን ተንኮል ሁሉ ያውቃል፤ መጽሐፍ የለም። ይባስ ብሎ ኦስትሪያዊው ፓውሊችከ በ1885 መጥቶ ከተማዋን አይቶ ሄደና በ1888 ላይፕዚግ ላይ ስለ ሐረር ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። «ይህን ሐሳብ እኮ እኔ ነበርኩ ያሰብኩት» የሚለው የደራሲዎች እሮሮ ሐረር ላይ እንዲህ ያለ ጥንታዊ መሠረት አለው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ አንድ ሥራ ጨርሷል። ስለ ኦጋዴን የጻፈው ዘገባ በታኅሣሥ 1883 ሐረር ላይ ተፈርሞ፣ በየካቲት 1884 የጂኦግራፊ ማኅበሩ አሳተመው። መረጃውን ከበረሃ ይዞ የመጣው በአብዛኛው ሶቲሮ የሚባለው ግሪካዊ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ራምቦ አቀናበረው። ደረቅ፣ ጥርት ያለ፣ ጠቃሚ ጽሑፍ ነው። ማኅበሩም ወደደውና በዚያው ሰሞን ደብዳቤ ላከለት፤ ለአልበማችን የሚሆን ፎቶግራፍህንና አጭር የሕይወት ታሪክህን ላክልን አለው። ራምቦ መልስ አልሰጠም። እዚህ ላይ ብቻ ነው ከእኛዎቹ የሚለየው። የእኛ ሰው መጽሐፉ ሳያልቅ የጀርባ ሽፋኑ ፎቶ ተነስቶ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ፣ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ የሕይወት ታሪኩም ከሦስተኛ ክፍል ይጀምራል።

ራምቦ የራሱን ሥራ አቃጠለ የሚለው ተረት ሐሰት ቢሆንም፣ የሌላ ሰው ሥራ ማቃጠሉ ግን እውነት ነው፤ በገዛ ደብዳቤው ጽፎታል። በ1887 ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ በዘለቀ ጊዜ፣ የንግድ ሸሪኩ የነበረው ላባቱ ሞቶበት ነበር። ምኒልክ ሂሳቡን ቀናንሰው ቀሪውን ሐረር ካሉት ከደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት፤ የሟቹ አበዳሪዎች በየአቅጣጫው ወጠሩት። በዚህ ንዴት ላይ እያለ ከሟቹ ቤት 30 ያህል ደብተር አገኘ፤ ላባቱ የሕይወት ትዝታውን የጻፈበት ነው። ሚስቲቱ እየጮኸች እሳት ውስጥ ጨመረው። በኋላ እንደተረዳው ከደብተሮቹ መሐል የንብረት ሰነዶች ተሰክተው ነበር። ላባቱ ዓመታት ሙሉ ሸዋ ኖሮ ያየውን ሁሉ ጽፎ ይሆናል፤ አንባቢ ያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ዕዳ ያናደደው ሌላ ደራሲ።

በዚህ መሐል ፓሪስ ውስጥ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ቬርሌን ከእስር ወጥቶ ስለ ወዳጁ ጻፈ፤ በ1886 ደግሞ «ላ ቮግ» የተባለው መጽሔት የራምቦን «ኢሉሚናሲዮን» ማተም ጀመረ። ደራሲው የት እንዳለ የሚያውቅ ስላልነበረ «ሟቹ አርተር ራምቦ» ብለው አወጡት። ሟቹ በዚያ ሰዓት ታጁራ ላይ የግመል ቅፍለት ፈቃድ እየጠበቀ ነበር። በራሱ ገንዘብ ያሳተመው መጋዘን ቀረ፤ ሳያውቅ ያሳተሙለት ስም አስገኘለት። የዚህን አንድምታ ማንም ደራሲ ለሚስቱ ባያነብላት ይሻላል።

በ1888 የትምህርት ቤት ጓደኛው የነበረው ጋዜጠኛ ፖል ቡርድ ጻፈለት፤ ፓሪስ ውስጥ ጥቂት ሰዎች መሐል አፈ ታሪክ ሆነሃል አለው። ደብዳቤው የተጻፈው ግን ራምቦ ለ«ለ ታን» ጋዜጣ ዘጋቢ ልሁን ብሎ ላቀረበው ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው፤ ጋዜጣውም የጠየቀው ዋጋ ስለበዛበት አልቀጠረውም። ሐምሌ 1890 ደግሞ የማርሴይ መጽሔት አዘጋጅ «የተከበሩ ባለቅኔ» ብሎ ጽፎ እንዲተባበራቸው ለመነው። ይህ ደብዳቤ ሐረር ደረሰ። ራምቦ አልመለሰም፤ ግን አልጣለውም፤ ከወረቀቶቹ መሐል ተገኝቷል። ስለ ድሮ ግጥሞቹ ሲነሣበት «ዕጣቢ ነው» ይል ነበር ብለው አብረውት የሠሩ ሰዎች ያወራሉ። ዕጣቢ ነው የሚል ሰው ስለ ዕጣቢው የመጣለትን የምስጋና ደብዳቤ አጥፎ ማስቀመጡ ግን አንድ ነገር ይናገራል።

የእኛም ሰዎች ከዚህ አይርቁም። አቤ ጉበኛ ደመወዝ ትቶ በብዕሩ ብቻ ለመኖር የቆረጠ ሰው ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. ያወጣው «አልወለድም» ገበያ እንደወጣ ተከለከለበት። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው ፈረንሳይ አገር ሳለ በወጣትነቱ ነው፤ መጽሐፍ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ግን ከ30 ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ በረቂቅነት ዞረ። አንባቢው መጽሐፉን ሳይገዛው ያወቀው፣ ቴሌግራም ሳይፈጠር ነበር።

ሐረር ራሷ ግን በዚህ ጉዳይ ከሁሉም የቀደመ ልምድ አላት። ጀጎል ለዘመናት የእጅ ጽሑፍ ሲገለበጥባት፣ ሲደጎስባት የኖረች ከተማ ናት። በሸሪፍ የግል ሙዚየም፣ በራስ መኮንን የቀድሞ ቤት፣ አብደላ ሸሪፍ ያሰባሰቧቸውን የእጅ ጽሑፎች ያየ ሰው ሥራውን ይመሰክራል፦ ቆዳው ላይ በማኅተም የታተመ ቅርጽ፣ ከበስተ ጀርባ መጥቶ የመጽሐፉን አፍ የሚሸፍን ክዳን፣ ጠርዙ ላይ የገልባጩ አሻራ። በዚያ ዘመን 500 ቅጂ አትሞ ገዢ መፈለግ የሚባል ነገር አልነበረም። መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ያዛል፣ ገልባጩ ይገለብጣል፣ ደጓሹ ይደጉሳል፤ አንዲት መጽሐፍ፣ አንድ ባለቤት፣ የተረፈ የለም። ያረጀው እዚያው ሙዚየም ውስጥ ተጠግኖ፣ እንደ አባቶች ወግ ተደጉሶ እንደገና ይቀመጣል። ብራስልስ መጋዘን ውስጥ 28 ዓመት ከመሻገት ይህ ይሻላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የከተማዋ ሌላው ጸጋ ከሰዓት በኋላ ነው። በርጫው ተጥሎ፣ ቡናው ፈልቶ፣ ምርቃናው ሲመጣ ሐረር ውስጥ ያልተጻፈ መጽሐፍ የለም። ከአሥር ሰዓት በፊት ልብወለዱ ሦስት ቅጽ ይሆናል፣ ወደ ፊልም ይለወጣል፣ አዋርድ ይወስዳል። ጠዋት ፈረስ መጋላ ላይ ያገኘው ጓደኛው ነው የሚያፈርስበት።

«አቦ፣ ያ መጽሐፍ የት ደረሰ?»

«አልቋል እኮ! መጨረሻው ብቻ ነው የቀረው።»

«አምና መጀመሪያው ብቻ ነው የቀረው አላልክም?»

«እሱን ሰርዤዋለሁ።»

ራምቦ ይቃም አይቃም፣ ደብዳቤዎቹ ግን የከሰዓት በኋላ ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ላይ ዛንዚባር ሊሄድ ነው፣ ሌላው ላይ ፓናማ፣ ሌላው ላይ ሚስት አግብቶ ልጁን መሐንዲስ ሊያደርግ ነው።

ኤቭሊን ዋ የተባለው እንግሊዛዊ ልብወለድ ጸሐፊ በ1930፣ ከአዲስ አበባው የንግሥ በዓል ሰሞን፣ ስለ ራምቦ ሊጠይቅ ሐረር መጥቶ ነበር። የሚያስታውሱት አዛውንቱ የካቶሊክ ጳጳስ ሞንሴኘር ዣሮሶ ነበሩ። ባለቅኔ ፈልጎ የመጣው እንግዳ የሰማው ግን ስለ አንድ ዝምተኛ፣ ቁም ነገረኛ ነጋዴ ነው።

የመጨረሻ ሥራው የተጻፈው በጉዞ ላይ ነው። በ1891 መጀመሪያ ጉልበቱ አብጦ መሄድ ሲያቅተው፣ ራሱ በነደፈው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ሚያዝያ 7 ቀን ከሐረር ወጣ፤ 16 ሰዎች እየተፈራረቁ ወደ ዘይላ ተሸከሙት። መንገዱን በአጫጭር መስመር እየመዘገበ ሄደ፦ በስንት ሰዓት እንደተነሱ፣ የት እንደሰፈሩ፣ ዝናቡ እንዴት እንደመታቸው፣ ግመሎቹ የት እንደቀሩ። ቅጽል የሚባል ነገር የለበትም፤ የዛሬ አርታኢ ቢያገኘው አንድ ቃል አይነካም። አንድ ቦታ ላይ ተሸካሚዎቹ ሰፈር ሲደርሱ ከቃሬዛው መሬት ላይ ጣሉት። ታማሚው ወረቀቱን አወጣና 4 ጠገራ ብር እንደቀጣቸው ጻፈ፤ ከአራቱም ስም አጠገብ አንድ አንድ ብር። የቅጣት ዝርዝሩ ዛሬ ከገሃነሙ መጽሐፍ ጋር በአንድ ጥራዝ፣ በሙሉ ሥራዎቹ ስብስብ ውስጥ፣ በፓሪስ አሳታሚዎች ወጪ ይታተማል። የብራስልሱ ቀሪ ሂሳብ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።